የኒም ቅርንጫፍ ለምን ይሰቀላል

ራኩማባይ ቀዩን አፈር በጥቂት ውኃ እያራሱ በጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ ያሹት ነበር። የሚያሹት በቀኝ እጃቸው ነው፤ ግራው የሳሪያቸውን ጨርቅ ጎናቸውን እንዳይነካ ከገላቸው ራቅ አድርጎ ይዞታል። ከግቢው በር ቆሜ ስመለከታቸው ያላዩኝ መስሎኝ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ይግቡ መምህር» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ጫማዎን ብቻ ከውጭ ይተዉት። እናቲቱ ቤት ውስጥ ናት።»

እናቲቱ ማለታቸው ጉድፍ ነው። በእኛ መንደር፣ በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር፣ ልጅ ላይ ጉድፍ ሲወጣ «ታመመ» አይባልም፤ «እናቲቱ መጣችበት» ይባላል። አምላካችን የሆነችው እናት በልጁ ገላ ላይ ለጥቂት ቀን ልታርፍ ፈቀደች ማለት ነው። በበሩ ላይ ኒም ከሚባለው መራራ ዛፍ ቅርንጫፍ ይሰቀላል፣ እሷ እስክትሄድ ዘይት አይጠበስም፣ መድኃኒት አይሰጥም። ጎረቤት ሁሉ እርጎ በሩዝ ይዞ ይመጣና የልጁን እግር በእጁ ነክቶ ምርቃት ተቀብሎ ይመለሳል። እኔም በመንደሩ ትምህርት ቤት ትንንሾቹን የማስተምር የራኩማባይ ጎረቤት ነኝ፤ የልጅ ልጃቸው ጃኢ ከክፍል ስትቀር ጊዜ እንደ ደንቡ ኮኮናት ይዤ መምጣቴ ነበር።

ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ከኋላዬ አንድ ወጣት የማሽላ ዱቄት በትከሻው ተሸክሞ ደረሰ። ሱሃስ ነው፤ የራኩማባይ የወንድማቸው ልጅ። ከተማ ውስጥ የነርስነት ትምህርቱን ሊጨርስ ተቃርቧል። ዱቄቱን እናቱ አድርስ ብላው አውቶቡስ ከመያዙ በፊት ጎራ ማለቱ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለውን ቅርንጫፍ ሲያይ ቆመ።

«አክስቴ፣ ይህ ለማን ነው?»

«ለጃኢ። ከትናንት ወዲያ መጣችባት። ግባና እግሯን ንካ እስቲ፤ ፈተና ደርሶብህ የለም?»

«ፈተናውን ሌሊት ስታገለው ነው የማድረው፤ እሷን አላስቸግራትም።» ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ እርስዎ በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት ያውቃል?»

ከቅንድቤ በላይ ያለችውን ጠባሳ አሳየሁት።

«እንግዲያው ይግቡ። እኔም ወጥቶብኛል። ያልወጣበት ሰው ግን ከዚህ ደጃፍ ባያልፍ ይሻለዋል።»

ራኩማባይ ይህን ሰምተው ከንፈራቸውን ነከሱ።

ጃኢ በጓዳው ምንጣፍ ላይ በኒም ቅጠሎች መካከል ተኝታለች። አባትና እናቷ ሸንኮራ አገዳ ሊቆርጡ ወደ ሩቅ አገር ስለሄዱ የምታድገው ከአያቷ ጋር ነው። ፊቷና ደረቷ ላይ ቀያይ ነቁጦች ፈስሰዋል፤ አንዳንዱ ውኃ ቋጥሯል። ሱሃስ አጠገቧ ተቀምጦ ግንባሯን ዳሰሳት፣ አተነፋፈሷን አዳመጠ፣ ውኃ ትጠጣ እንደሆነ ጠየቃት። ከዚያ ጣቶቿን ዘርግቶ አየ።

«ጥፍሯን እንቁረጠው አክስቴ።»

«እናቲቱ ባለችበት ቤት ብረት አይነሣም።»

«ካልቆረጥነው ግን ያከከችው ሁሉ ያመረቅዛል፤ ጠባሳው ፊቷ ላይ ይቀራል። እናቲቱ የእንግዳ ማረፊያዋን አበላሽታ የምትሄድ ናት?»

«ምላስህ መቼም የእናትህ ነው» አሉ ራኩማባይ። ቢሆንም ጥቂት ቆይተው ከመስኮቱ ሥር መቁረጫውን አምጥተው ሰጡት።

የእኔ ሐሳብ ክርክሩ በዚህ ያበቃል የሚል ነበር። በመንደራችን ወጣቱ ከከተማ ይዞት የሚመጣውን ምክር አዋቂዎቹ እንዲህ በጥቂቱ ይቀበሉና የቀረውን ያሳልፉታል። ነገር ግን ሱሃስ የመጨረሻዋን ጥፍር ሲቆርጥ ራኩማባይ ደስ ብሏቸው እንዲህ አሉ።

«ጥሩ ቀን መጣህ። ናሊኒም ዛሬ ትመጣለች። የምትመጣው በሚቀጥለው ወር ነበር፤ እናቲቱ ሳትሄድ ድረሺ ብዬ አስጠራኋት።»

ሱሃስ መቁረጫውን መሬት ላይ አኖረው።

ናሊኒ የራኩማባይ ልጅ ናት። ካገባች ብዙ ዓመቷ ነው። ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። አሁን የያዘችው ፅንስ መውለጃ ወሩ ሊገባ ተቃርቦ ነበር፤ በአገራችን ልማድ ደግሞ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት መጥታ ነው። ራኩማባይ ለዚህ ቀን ሲሉ የጓዳውን ግድግዳ ለቅልቀዋል፣ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠውን አረንጓዴ የብርጭቆ አምባር ገዝተው በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠዋል።

«ናሊኒ ጉድፍ ወጥቶባት ያውቃል?» አለ ሱሃስ።

«አያውቅም። የጠራኋትስ ለዚህ አይደል? ወንድሟ ላይ የመጣች ጊዜ ናሊኒን እናንተ ቤት ልከናት ነበር። እናቲቱ ሳታያት ቀረች። ማኅፀኗ የጨከነባት በዚያ ምክንያት ነው እያልሁ ስንት ዓመት አለቀስሁ። አሁን በገዛ ቤቴ መጥታልኛለች። ትምጣና የጃኢን እግር ትንካ፣ ይቅር በይኝ ትበል፣ በሰላም ትውለድ።»

ይህን የተናገሩት በእንዲህ ያለ እምነት ስለሆነ እኔ የያዝሁት ኮኮናት በእጄ ላይ ከበደኝ። ሰው የሚወደውን ሰው ወደ ገደል የሚጠራው በክፋት ብቻ አይደለም። ራኩማባይ ልጃቸውን የጠሩት ካላቸው ፍቅር ሁሉ በበለጠው ፍቅር ነበር።

«አክስቴ» አለ ሱሃስ፣ «እናቲቱን ለመስደብ አይደለም የምናገረው፤ እርስዎ ያሳደጉኝ ሰው ነዎት። ግን ናሊኒ ዛሬ እዚህ ጓዳ ከገባች ጉድፉ ይይዛታል። እግር መንካት እንኳ አያስፈልግም፤ ከጃኢ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መተንፈስ ይበቃል።»

«ቢይዛትስ? ጃኢን ይዟት የለም? ሳምንት ተኝታ ትነሣለች።»

«ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይነሣል። ነፍሰ ጡር ላይ ግን ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ደግሞም ልትወልድ ስትል ቢወጣባት ሕፃኑ ከበሽታው ጋር ይወለዳል። አራስ ሕፃን ይህን የሚከላከልበት አቅም የለውም።»

«በእኛ ጊዜ ስንቱ ነፍሰ ጡር እናቲቱ ያለችበት ቤት ገብታ ወጥታለች። አንተ ያኔ የት ነበርህ?»

«አልተወለድሁም። በዚያ ምክንያት ሳይወለዱ የቀሩ ሌሎችም ነበሩ፤ እነሱን ግን ማንም አያነሣቸውም።»

ነገሩ ራኩማባይን እንደነካቸው ከፊታቸው አየሁ። ሱሃስም አይቶ ኖሮ አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ አክስቴ።»

«ይቅር ብያለሁ። ግን አንድ ነገር ንገረኝ፣ ነርሱ።» ነርሱ የሚለውን ቃል ሳብ አደረጉት። «ከሰው ወደ ሰው ነው የሚሄደው ትላለህ። በመንደሩ አንድም ልጅ ላይ አልወጣም። መምህሩም ይመሰክራሉ። ታዲያ ጃኢ ከማን ወሰደችው? ከሰማይ ካልመጣ ከየት መጣ?»

እውነት ነበር፤ በክፍሌ ውስጥ ከጃኢ በቀር የቀረ ልጅ አልነበረም። የሱሃስ ዓይን ከጓዳው ወደ ግቢው ሄደ፣ ድንጋይዋ ላይ ወደቀረው እርጥብ ቀይ አፈር።

«አክስቴ፣ ያ አፈር ለምንድን ነው?»

«ለእኔ ነው። እባቢቱ ወጥታብኝ ነበር፤ አሁን ልትደርቅ ነው።»

በእኛ ዘንድ እባቢቱ የምትባለው ከወገብ ወይም ከደረት በአንድ ጎን እንደ መቀነት የምትዞር፣ እንደ እሳት የምታቃጥል ሽፍታ ናት። ራሷና ጭራዋ በገላው ዙሪያ ከተገናኙ ሰውየው ይሞታል ይባላል። ስለዚህ እንዳትገናኝ መንገዷን በቀይ አፈር ይዘጉባታል። ራኩማባይ ቀን ከሌት ያን አፈር የሚያሹት ለዚህ ነበር።

«ልየው?» አለ ሱሃስ።

እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ጨርቅ ሲገለጥ ሰማሁ።

«ብዙው ደርቋል» አለ። «ከኋላ በኩል ግን ውኃ የቋጠሩ አሉ። ጃኢ ማታ የምትተኛው የት ነው?»

«ከእኔው ጋር ነዋ። እናቷ ከሄደች ወዲህ ራሷን ጎኔ ላይ ካልጣለች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሙቀት ነው፤ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ እተኛለሁ።»

ስዞር ሱሃስ የአክስቱን እጅ ይዞ አየሁት።

«እርስዎ በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት ነበር፤ አይደል?»

«ክፉኛ።»

«ያ ጉድፍ አልሄደም። ቁስሉ ሲድን እሱ ከጀርባ አጥንት አጠገብ ባለው የነርቭ ሥር ገብቶ ይተኛል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ሰውነት ሲደክም ይነሣል፤ አመጣጡ ግን ይለያል። በአንድ ነርቭ መንገድ ብቻ በአንድ ጎን ይወጣል። የሚያቃጥለው ከነርቩ ስለሚነሣ ነው። እኛ ትምህርት ቤት አልማዝ ባለጭራ ይሉታል፤ እዚህ እባቢቱ ናት። እሷና ጉድፍ አንድ ናቸው። በሽፍታው ውስጥ ያለው ውኃ ጉድፍ ያልወጣበትን ሰው ከነካ፣ ያ ሰው ጉድፍ ይወጣበታል።»

«ጃኢ…» አሉ ራኩማባይ።

«ሳያውቁ ነው አክስቴ።»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

«ማንም ቢሆን ያቅፋት ነበር። ሽፍታውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ቢሆን ኖሮ ላይተላለፍ ይችል ነበር፤ ያን ግን የነገረዎት ሰው የለም።»

«እናቲቱ አይደለችም ማለት ነው?»

«እናቲቱ ምን እንደምታስብ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ውኃ የቋጠረው ሽፍታ የት እንደሚሄድ ግን አውቃለሁ።»

ራኩማባይ ተነሥተው ወደ ደጃፉ ሄዱ። ከሩቅ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማ ነበር፤ የናሊኒ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።

«እሺ፤ ያልከው ሁሉ እውነት ይሁን» አሉ ጀርባቸውን ለእኛ እንደሰጡ። «ግን ምን አድርጊ ነው የምትለኝ? ለመጀመሪያ ልጇ የመጣችን ልጅ ከደጄ ልመልስ? የባሏ ቤተሰቦች ምን ይላሉ? እናቷ አባረረቻት አይሉም? እሷስ? ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቃ፣ ሆዷን ይዛ መጥታ፣ በሩ ሲዘጋባት ልቧ አይሰበርም?»

ሱሃስ የተማረውን ሁሉ ሊደረድር ነው ብዬ ነበር፤ ግን በትምህርቱ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አልነበረም። ቀና ብሎ በበሩ ላይ ያለውን የኒም ቅርንጫፍ ማየት ጀመረ።

«አክስቴ፣ ያኔ ናሊኒን ወደ እኛ ቤት የላካት ማን ነበር?»

«አማቴ ናቸዋ። ከእሳቸው ቃል ማን ይወጣ ነበር?»

«ለምን ላኳት?»

«እንግዲህ… ያልወጣበት ልጅ ከዚህ ቤት ይውጣ አሉ። ቅርንጫፉን በገዛ እጃቸው ሰቅለው ከሥሩ ከነበትራቸው ተቀመጡ። እናቲቱ ግርግር አትወድም፤ ይህን ያየ ይመለስ ይሉ ነበር። ጎረቤት እርጎ በሩዙን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። የቤተ መቅደሱ አገልጋይ እንኳ መጥተው ከውጭ ነው የመረቁት። አማቴ ለሰው ፊት አይሰጡም ነበር።»

«የልጁን እግር የነካ ሰው ነበር?»

ራኩማባይ መልስ ሊሰጡ ዞሩ። እጃቸው ወደ ላይ ሄዶ ከቅርንጫፉ አንዱን ቅጠል ያዘ።

«አልነበረም» አሉ ቀስ ብለው። «ማንም አልገባም። እግር መንካቱ መቼ እንደመጣ አላውቅም። አማቴ ካረፉ በኋላ ነው። እኛ ነን ያስገባነው።»

ጃኢ በእንቅልፏ አቃሰተች። እኔ ያን ቅርንጫፍ ዕድሜዬን ሙሉ በየበሩ ሳየው እንደ ግብዣ ነበር የምቆጥረው። ለካ አሮጊቶቹ ማንበብ ለማይችል መንደር በአረንጓዴ የጻፉት «አትግባ» የሚል ቃል ኖሯል። ቅርንጫፉን እየሰቀልን ቃሉን ጥለነው ነበር።

«የማን ቤት ትሂድ?» አሉ ራኩማባይ።

«እኛ ቤት፤ እንደያኔው። እናቴ አልጋ ታዘጋጅላታለች። የአጎት ቤትም የእናት ወገን ነው፤ ማን ምን ይላል? የዛሬው አውቶቡስ ይለፈኝ፤ ነገ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ። በሽታውን የሚከላከል አቅም እንዳላት በደም ምርመራ ይታያል። እርስዎም ይመርመሩ፤ ለእባቢቱ መድኃኒት አለ፤ እንደወጣች ቢጀመር ይበልጥ ይረዳዎት ነበር።»

«አፈሩስ?»

«አፈሩ ቁስሉን ያቆሽሸዋል። አክስቴ፣ ራሷና ጭራዋ አይገናኙም፤ የተያዘው የአንድ ጎን ነርቭ ነው። አይፈሩ። ይጠቡት፣ ያድርቁት፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ በነኩት ቁጥር እጅዎን በሳሙና።»

ለጃኢም የሚደረገውን ነገረን። ለብ ባለ ውኃ መታጠቧ መልካም ነው፤ የኒም ቅጠሉም ይግባበት፤ ፎጣዋ ለብቻ ይሁን። ለትኩሳት ፓራሲታሞል ብቻ፤ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። መተንፈስ ካቃታት፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት፣ ወይም ቁስሉ ካመረቀዘ ወዲያው ወደ ሐኪም። ሁሉም ነቁጥ ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ወደ ትምህርት ቤት አትመለስ። ለእኔም ሥራ ሰጠኝ፦ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊትም ስለሚተላለፍ ከእሷ ጋር የተቀመጡትን ልጆች ወላጆች እንድጠይቅ፤ ቤታቸው ነፍሰ ጡር ወይም ከባድ ሕመም ያለበት ሰው እንዳለ።

ከዚያ ራኩማባይ በጨርቅ የተጠቀለለውን አምባር አወጡ።

«ይህስ በሽታ ይይዛል?»

«ብርጭቆ ነው፤ በሳሙና ከታጠበ አይይዝም። መምህር ያጥቡት፤ አክስቴ፣ የእርስዎ እጅ ይቆይ።»

ስለዚህ ከእነርሱ ግቢ ቧንቧ ሥር ተንበርክኬ አረንጓዴዎቹን አምባሮች አንድ በአንድ አጠብሁ። አድርቄ በራሴ መሐረብ ላይ ስደረድራቸው ናሊኒን የያዘ ባጃጅ መጣ።

ናሊኒ ሆዷን በአንድ እጅ ደግፋ ወረደች። እናቷን በሩ ውስጥ ቆመው ስታይ ፈገግ ብላ መራመድ ጀመረች።

«እዚያው ቁሚ ልጄ» አሉ ራኩማባይ።

«ምነው እማ?»

«ቁሚ አልሁሽ። ቅርንጫፉን አታይም?»

«አየሁት። ለእሱ አይደል የጠራሽኝ?»

«ተሳስቼ ነው የጠራሁሽ።» ግራ እጃቸው የበሩን መቃን አጥብቆ ይዞ ነበር። «አያትሽ በልጅነትሽ ከዚህ ቤት ያስወጡሽ ስለጠሉሽ መስሎኝ ኖርሁ። ይጠብቁሽ ነበር። አሁን እኔ ነኝ የምጠብቅሽ። ወደ አጎትሽ ቤት ሂጂ። ሱሃስ አብሮሽ ይሄዳል።»

«አንቺስ? ስወልድ አትመጪም?»

«ጃኢ ስትድን፣ እኔም ስድን እመጣለሁ። ከዚያ በፊት በሬን ብትረግጪ በበትር ነው የምመልስሽ።»

ናሊኒ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ሄደ። አምባሮቹን ወስጄ ሰጠኋት። በአገራችን እናት ናት ለልጇ በእጇ የምታጠልቀው። ናሊኒ ግን እዚያው መንገዱ ላይ እናቷ ፊት ቆማ አንድ በአንድ ራሷ አጠለቀቻቸው፤ ራኩማባይም ከበሩ ሆነው እያንዳንዱ ሲገባ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። የመጨረሻው ከገባ በኋላ ባጃጁ ናሊኒንና ሱሃስን ይዞ ሄደ።

አመሻሽ ላይ ከማዶ ያሉት ቱልሳባይ እርጎ በሩዝ ይዘው ከምራታቸው ጋር መጡ።

«ሳህኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጪው» አሉ ራኩማባይ ከውስጥ።

«እግሯን ሳንነካ?»

«እግሯ የትም አይሄድም። ምራትሽ የወር አበባ ቀርቶባታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጉድፍ ወጥቶባታል?»

ቱልሳባይ ምራታቸውን አዩ። ምራታቸው ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ይዘሻት ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ከጃኢ ጋር የተጫወተች እንደሆነ ንገሪያቸው።»

«ራኩማ፣ አንቺም ሐኪም ሆንሽ?»

«አማቴ ነበሩ ሐኪሟ፤ እኔ ዘግይቼ ነው የሰማኋቸው።»

ይህን የጻፍሁት በየመንደሩ ያሉ ራኩማባዮች እንዲሰሙት ነው። ናሊኒ በደም ምርመራዋ ጉድፍን የሚከላከል አቅም እንደሌላት ታወቀ፤ ያን ቀን ገብታ ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን ሱሃስ ብቻ ነው በሙሉ የሚያውቀው፤ እሱም አይናገርም። ሴት ልጅ ወለደች፣ ጤነኛ። ለነፍሰ ጡር የማይሰጠውን የጉድፍ ክትባት ከወለደች በኋላ ወሰደች። በክፍሌ ሌሎች ልጆችም ታመሙ፤ ወላጆቻቸው ግን አስቀድመው ስላወቁ ቤታቸው አቆዩአቸው፤ ከቱልሳባይ ምራት ጀምሮ አንዲትም ነፍሰ ጡር አልተያዘችም። ላልወጣባቸው ልጆች ክትባቱን የጠየቁ ቤተሰቦች አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ስለ እባቢቱ ክትባት ይጠይቁኝ ጀምረዋል፤ ወደ ሐኪም እልካቸዋለሁ። ሃይማኖቱን የተወ ሰው የለም። ኒም እንደ ድሮው ይሰቀላል፤ ሰዉ ግን ከሥሩ ደርሶ ይመለሳል።

የጃኢ ነቁጥ ሁሉ ቅርፊት ይዞ ሲረግፍ፣ የራኩማባይም ጎን ሲደርቅ፣ ሱሃስ መጥቶ አያቸውና «አሁን ወደ ናሊኒ መሄድ ይችላሉ» አላቸው። ራኩማባይ ወዲያው አልተነሡም። በመጀመሪያ በርጩማ አምጥተው ላዩ ላይ ቆሙና የደረቀውን ቅርንጫፍ ከበሩ ፈቱት። የረገፈውን ቅጠል ጠረጉ። የቀይ አፈሩን ድንጋይ በቧንቧው ሥር ቀይነቱ እስኪለቅ አጥበው በግድግዳው ጥግ አስደገፉት። ቅርንጫፉ የታሰረበትን ገመድ በጣታቸው ዙሪያ ጠቅልለው፣ ለሚመጣው ጊዜ እንዲሆን፣ ከበሩ አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት።